ጥንዶች በበረሃው መንገድ፦ ከለገሃር ጓሮ እስከ ማርሳቢት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ስለ መንገድ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ጣሊያን ዘመን ድልድዮች ወይም ስለ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን መቋቋም እንድጽፍ የጠበቁ ይመስለኛል። በሁለቱም ጉዳይ ከእኔ የተሻሉ ባልደረቦች ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። እኔ ግን ርእሴን ያገኘሁት ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ከነበረ አንድ ግቢ ነው።

ያ ግቢ፣ የቂርቆስ ሰፈር ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ከካይሮ ተነሥተው ወደ ኬፕታውን፣ ወይም ከኬፕታውን ተነሥተው ወደ ካይሮ በመኪና የሚያቋርጡ የውጭ አገር መንገደኞች የሚያርፉበት ነበር። ከመንገደኞቹም የሚበዙት ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች ናቸው። ላንድሮቨሩ ከጥግ ይቆማል፤ በጣሪያው ላይ ድንኳን ይዘረጋል፤ ጀሪካኖች በተርታ ይደረደራሉ፤ ሴቲቱ ልብስ ስታጥብ ባልየው ከመኪናው ሥር ተንጋሎ ባሌስትራ ያጠብቃል። አንዳንድ ጊዜም ነገሩ ይገለበጥና ባልየው አጣቢ፣ ሚስቲቱ መካኒክ ሆነው ይገኛሉ። እኔም ከሥራ ስወጣ፣ ካዛንቺስ ወደሚገኘው ቤቴ ከመመለሴ በፊት፣ እዚያ ጎራ እያልኩ ቡና እጠጣ ነበር። ምክንያቴ አንድ ብቻ ነው፤ ከሞያሌ ወዲያ ስላለው መንገድ ለመጠየቅ።

መልሳቸው ዘወትር ይመሳሰላል። ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለውን ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ለመግፋት ማለዳ ተነሥተው የሚደርሱት ከመሸ ነው። ዝናብ ካገኛቸው ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ይወስድባቸዋል። ስለ ጎማ የሚቀደው ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ ብሎን ስለሚያላቅቀው ፒስታ፣ ስለ ነፋሱ፣ በሌሊት ስለሚታየው የከዋክብት ብዛት ይተርካሉ። ትረካቸውን ሲፈጽሙም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ሌላ ማንም አልነበረም» ይላሉ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ ይህች ቃል ናት። በወጣትነቴ እኔም ይህንኑ ቃል በካርታ ላይ ጽፌ ነበርና።

በ1965 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ሳለሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በድራፍትስማንነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ አንዱ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ያለውን መንገድ ካርታ በስስ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ አስፋልት የለበሰው በወፍራም መስመር፣ ጠጠሩ በቀጭን መስመር፣ ያልተሠራው ደግሞ በነጥብ ይመለከታል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ሁሉ ነጥብ ነበር። አንዱን ቅጂ ቀለም ስለፈሰሰበት ወደ ቤት ወሰድሁት፤ በዚያን ጊዜ እጮኛዬ ለነበረችው ለዛሬዋ ባለቤቴም አሳየኋት። እርሷ ያቤሎ ተወልዳ ያደገች የአስተማሪ ልጅ ናት፤ የቦረናን ኦሮምኛ እንደ አማርኛዋ ትናገራለች። ወረቀቱን ጥቂት ከተመለከተች በኋላ «በነጥቦቹ መካከል ውሃዎቹ የታሉ?» አለችኝ። የውሃ ጉድጓድ ከምልክቶቹ መግለጫ ውስጥ እንደሌለ አስረዳኋት። «እንግዲያ በዚህ መንገድ ማን ይሄድበታል?» ብላ መለሰችልኝ። በጊዜው ነገሩን እንደ ቀልድ ወሰድሁት።

ቀልድ አለመሆኑን የተረዳሁት የመንገዱን ታሪክ ወደኋላ ሄጄ መመርመር በጀመርሁ ጊዜ ነው።

መቼም ስለ በረሃና ስለ መኪና ሲነሣ የሁላችንም አሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ፣ በሶማሌ ምድር ዘመቻ የነበረ እንግሊዛዊ፣ ሲድሊ የተባለች አውቶሞቢሉን ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውን በማቋረጥ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ከእርሱም ጋር አንድ መካኒክና አንድ ቡልዶግ ውሻ ነበሩ። አርኖልድ ሆልትዝ የተባለው ጀርመናዊም በዚያው ሰሞን እንዲሁ በመኪና መጥቶ ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ። የቤንትሊ ጉዞ ክሊፎርድ ሃል በጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ላይ ታትሟል። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የምሥራቁ በረሃ በባቡር መስኮት የሚታይ፣ በምሽት የሚታለፍ ነገር ሆነ። ስለዚህ ስለ ምሥራቁ ከዚህ የበለጠ አልሄድም። የደቡቡ በረሃ ግን ባቡር አላገኘም፤ ከዚያ ወዲህም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በነጥብ ቆይቷል።

በዚያው በ1900 ዓ.ም.፣ የቤንትሊ መኪና ወደ ሸዋ ስትገሠግሥ በነበረበት ሰሞን፣ በኅዳር ወር፣ አጼ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የደቡቡን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1903 ሻምበል ፊሊፕ ማውድ የተባለው እንግሊዛዊ አገሩን እየዞረ ቀይሶ ስለነበር፣ መስመሩ እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በስሙ ይጠራል። ውሉን ለሚያነብ የሙያ ባልደረባ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። ስለ መንገድ አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ ውሃ ግን አለበት። በወሰኑ በዚህም በዚያም የሚኖሩ ነገዶች እንደ ጥንቱ በማዶ ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ወደ ውሃ ጉድጓዶችም እንዳይከለከሉ ይደነግጋል። የነገሥታቱ ጸሐፊዎች ያወቁትን፣ እኔ ከስልሳ አምስት ዓመት በኋላ ካርታዬ ላይ ልተወው መብቃቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ጥንዶቹ እመለሳለሁ።

በ1910ዎቹ አጋማሽ፣ ሁለት ባልና ሚስት አንዱ ከሌላው ሳይመካከር ለበረሃው መንገድ ታሪክ የሚሆን ነገር ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሻለቃ ቻፕሊን ኮርት ትሪትና ባለቤቱ ስቴላ ናቸው። እርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አየር ኃይል ያገለገለ፣ ከጦርነቱም በኋላ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ለሚዘረጋው የአየር መስመር ማረፊያዎችን ያጠና መኮንን ነው፤ እርሷ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ናት። በመስከረም 1917 ዓ.ም. ሁለት ክሮስሊ መኪኖች ይዘው ከኬፕታውን ተነሡ፤ ካይሮ የገቡት በጥር 1918 ዓ.ም.፣ ከአሥራ ስድስት ወር በኋላ ነው። በዛምቤዚ አካባቢ የዝናቡ ወራት ያዛቸውና ለወራት በጭቃ ሲጎተቱ ከረሙ። በደቡብ ሱዳን ረግረግ መኪናዎቹን ወንዝ ማሻገር ነበረባቸው። ስለ በረሃ የሰማ ሰው ጥማት ይጠብቃል፤ እነርሱን የፈተናቸው ግን የውሃ ማጣት ሳይሆን የውሃ ብዛት ነው። ስቴላም የጉዞውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 በመጽሐፍ አወጣችው።

ለእኛ ዋናው ነገር ግን ያለፉበት ሳይሆን ያላለፉበት ነው። ከኬንያ ተነሥተው ወደ ሱዳን ሲታጠፉ ኢትዮጵያን ወደ ቀኝ ትተው ነው የሄዱት። ከሞላ ጎደል የእንግሊዝ ባንዲራ ከሚውለበለብበት ምድር መውጣት አልፈለጉም፤ ቢፈልጉም ወደ ሞያሌና ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ የመኪና መንገድ አልነበረም። በሜጋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን በደቡብ ኢትዮጵያ ስላሳለፋቸው ሰባት ዓመታት የጻፈውን የሚያነብ ሰው የሚያገኘው በቅሎ እንጂ አውቶሞቢል አይደለም። እንግዲህ የኬፕታውንና የካይሮ መንገድ ሲታሰብ አገራችን ከመጀመሪያው ከመንገዱ ውጪ ቀርታ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛዎቹ ጥንዶች ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን ናቸው። እነርሱ ከአሜሪካ ካንሳስ ተነሥተው ፊልም ለማንሣት ዓለምን ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ማርሳቢት ተራራ ላይ፣ በጥቅጥቅ ደን መካከል፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለ አንድ ሐይቅ ተመለከቱ። ቦረኖችና ገብራዎች ጎፍ ሶኮርቴ ጉዳ ይሉታል፤ ጆንሰኖቹ ግን «የገነት ሐይቅ» ብለው ሰየሙት፤ በፈረንጅ ካርታም በዚሁ ስም ቀረ። በ1916 ዓ.ም. ተመልሰው ለአራት ዓመት ያህል በሐይቁ ዳር ሰፈሩ። ጆርጅ ኢስትማን፣ የኮዳክ ካሜራ ባለቤት፣ በገንዘብ ረዳቸው። ማርቲን ካሜራውን ሲያሽከረክር ኦሳ ጠመንጃ ይዛ ከኋላው ትቆማለች፤ ዝሆን ወይም አውራሪስ ቢመጣ መተኮስ የእርሷ ድርሻ ነው። ከሰፈራቸው ጎንም የጎመን መደብ አበጅታ ነበር። ለእኔ ከጠመንጃው ይልቅ የጎመኑ ነገር ይደንቀኛል።

ማርሳቢት ለመድረስ በካይሱት በረሃ በኩል ነው የሚታለፈው። ጆንሰኖቹ መኪኖች ነበሯቸው፤ ነገር ግን ዕቃቸው የሚጓዘው በግመል፣ በበቅሎና በብዙ ተሸካሚዎች ጫንቃ ነው። ቦኩሊ የሚባል የዝሆን ዱካ አዋቂ ሽማግሌ ባይኖር ፊልማቸው ባልተነሣ ነበር፤ ይህንም ራሳቸው በመጽሐፎቻቸው ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። በዚህ ከለገሃር ጓሮ ወዳጆቼ ይሻላሉ። ሆኖም በሲኒማ ቤት ሸራ ላይ ሕዝብ ያያቸው እንደ ሁለት ብቸኛ ፍጡራን ነው፤ አንድ ባል፣ አንዲት ሚስት፣ ከዚያም ዱር። በጥር 1929 ዓ.ም. ማርቲን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ኦሳ ከሦስት ዓመት በኋላ ያወጣችው የሕይወት ታሪኳ በአሜሪካ እጅግ ከተሸጡት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። የኬፕታውንን መንገድ ዛሬ የሚጀምሩት ጥንዶች ብዙዎቹ የጆንሰኖቹን ስም ላይሰሙ ይችላሉ፤ ጣሪያ ላይ ድንኳን ዘርግቶ «ሁለታችን ብቻ» የማለቱ ልማድ ግን ከዚያ የሲኒማ ሸራ የመጣ ይመስለኛል።

በረሃው ብቻውን ሰውን እንደማያስቆም ያሳየው ጦርነቱ ነው። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከማርሳቢት ተነሥቶ በካሚዮን ጫልቢን አቋርጦ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የአገራችን አርበኞችም ከጎኑ ነበሩ። በየካቲት ወር ሜጋ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ለእኛ ሙያ የሚሆነው ነገር ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ጦር መንገዱን የመረጠው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ነው። ኤል ይቦ፣ ኤል ጉሙ የሚባሉት ስሞች በዘመቻው ታሪክ የሚነሡት ከተማ ስለሆኑ ሳይሆን ውሃ ስላላቸው ነው። የጦር መሐንዲሶች ከእኔ ካርታ የተሻለ ካርታ ነበራቸው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በዚያው በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የኢንቺስ ቤቶች፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ነው። ከእርሱ ቁልቁል፣ ወደ መስቀል አደባባይ ሲወረድ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል፤ መሐንዲሱ አርቱሮ መዜዲሚ፣ የመስኮቶቹ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ መሆናቸውን አባላት ሁሉ ያውቃሉ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በዚህ ሕንፃ ተቀምጦ፣ በጋናዊው በሮበርት ጋርዲነር ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ አህጉሩን የሚያቋርጡ አውራ ጎዳናዎችን አሳብ አነሣ። በ1963 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ የሞምባሳና የሌጎስ መንገድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቀጥሎም ከካይሮ ተነሥቶ በአዲስ አበባና በሞያሌ አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው መስመር መጣ። ይህ መስመር ለብዙ ዓመታት የሚያበቃው ቦትስዋና፣ ጋቦሮኒ ላይ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ከአፍሪካውያን መንገድ ውጪ ሆና ቆየች። ኮርት ትሪቶች ኢትዮጵያን ትተው ካለፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ኢትዮጵያ በመንገዱ መካከል ተቀመጠች፤ ከመንገዱ ጫፍ የተቆረጠችው ደግሞ የስቴላ አገር ሆነች። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ይወዳል።

ይሁን እንጂ በአዳራሹ የተሰመረው መስመር መሬት ላይ ሲወርድ አርባ ዓመት በላይ ፈጀ። በእኛ በኩል አስፋልቱ ሞያሌ ደርሶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እንደገና እስከሚታደስ ድረስ፣ በኬንያ በኩል ነጥቡ ነጥብ እንደሆነ ነበር። ብዙ ሰው ምክንያቱን በረሃው ነው ይላል። እኔ በሙያዬ አልቀበለውም። ዲዳ ገልገሉ የተባለው የጥቁር ድንጋይ ሜዳ ለመንገድ ሥራ ክፉ መሬት አይደለም፤ ጠጠሩ እዚያው ነው፤ ገደል የለበትም፤ ትልቅ ድልድይም አይጠይቅም። መንገዱን ያቆየው ሰላም ነው። ኬንያ ነጻ ከወጣች ጊዜ ጀምሮ በሰሜኑ ግዛት የሽፍታ ጦርነት የሚባለው ተካሄደ፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ካሚዮኖች በታጠቁ ፖሊሶች ታጅበው በቡድን ነበር የሚጓዙት። ከብት በጫነ ካሚዮን አናት ላይ ሰው ብረት ጨብጦ ሲሄድ ለገሃር ጓሮ ያሉት ጥንዶች በፎቶግራፍ አሳይተውኛል። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. ደግሞ በመንገዱ መካከል በምትገኘው በቱርቢ መንደር ላይ ታጣቂዎች በንጋት አደጋ ጣሉ፤ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል የትምህርት ቤት ሕፃናት ነበሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከማርሳቢት የመጡ አንድ ባልና ሚስት ግቢው ውስጥ አግኝቼ ስለ ቱርቢ ጠየቅኋቸው። ስሙን አያውቁትም። «እዚያ አንድ ቦታ አድረናል፤ ምንም የለም፤ ጸጥ ያለ ነው» አሉኝ። በእነርሱ አልፈርድም። በያዙት ካርታ ላይም ነጥብ ነበር።

አስፋልቱ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በ2009 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ስትጠይቀኝ የነበረውን አንድ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ልክድ አልቻልሁም። በጥር 2012 ዓ.ም. የአማቻችንን መኪና ተውሰን፣ አንድ ድንኳን፣ ሁለት ፍራሽ፣ አራት ጀሪካንና አንድ ክሪክ ጭነን ከካዛንቺስ ተነሣን። ልጆቻችን በዚህ ዕድሜ ድንኳን ምን ያደርግላችኋል ብለው ነበር። የድንበሩን ወረቀት ጉዳይ አልፈዋለሁ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከያቤሎ አልፈን ዱብሉቅ ስንደርስ ባለቤቴ መኪናውን አስቆመች። በዚያ የቦረና ቱላ ጉድጓዶች አሉ፤ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲወርዱ የኖሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ውሃው የሚወጣው ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ሲቀባበሉ ነው፤ ስለዚህም ፈረንጆች የሚዘፍኑት ጉድጓዶች ይሏቸዋል። ለከብቶቹ ወደ ታች የሚያወርድ ሰፊ መንገድ በምድር ውስጥ ተቆፍሯል። ቁልቁለቱን በዓይኔ ለካሁት፤ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ቢያቅደው ከዚህ አብልጦ አያስተካክለውም። እያንዳንዱ ጉድጓድ የቆፈረው ጎሣ አባት አለው፤ ተራ የሚሰጠው ደግሞ አባ ሄረጋ ይባላል። ዛሬ የማን ከብት፣ ነገ የማን፣ እንግዳ ቢመጣ ከማን በኋላ፣ ሁሉም በእርሱ ቃል ነው። ባለቤቴ ወርዳ አነጋገረቻቸው። አባ ሄረጋው አረጋዊ ሰው ናቸው፤ አድምጠው ሲያበቁ ከአንድ መንጋ በኋላ ተራ ሰጡን። ጀሪካን መኪና ውስጥ ሙሉ እንደነበረን ልነግራቸው ስል ባለቤቴ በክርኗ ነካችኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠብቀን አንዱን ጀሪካን ደፍተን ከዚያ ሞላን። በሕይወቴ ስለ ትራፊክ ደንብ የተማርሁትን ሁሉ ያህል በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ተማርሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ሞያሌን ተሻግረን በግራ መንዳት ስንጀምር በረሃው አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀን። ባለፈው መኸር የጣለው ዝናብ ከልክ ያለፈ ነበር፤ በዚያው ምክንያት የተራባው የበረሃ አንበጣ በአንድ ስፍራ ፀሐዩን ሸፍኖት ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ባዶ ነው። ለገሃር ጓሮ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ ሲባል የሰማሁትን በሦስት ሰዓት መጨረስ ይቻል ነበር። እኛ ግን ቱርቢ አደርን። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አስፈቅደን ከአጥሩ ጥግ ድንኳናችንን ዘረጋን።

ማታ አንዲት የገብራ ባልቴት የግመል ወተት ይዘው መጡ። ከባለቤቴ ጋር በኦሮምኛ ሲጨዋወቱ አመሹ፤ እኔ የገባኝ ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ባለቤቴ ኋላ ተረጎመችልኝ። ጨዋታው ስለ መንገዱ ነበር። ቀድሞ መኪና በተሰበረ ቁጥር ሰዎቹ ወደ እኛ ይመጡ ነበር፤ ወተት እንሰጣቸዋለን፤ ልጆቻችን ጎማ ያነሡላቸዋል፤ አሁን ማንም አይቆምም፤ ፍየል ብቻ ይገጫል አሉ። ባለቤቴ «ፈረንጆቹ ሌሊት ብቻቸውን ሲያድሩ አይፈሩም ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ባልቴቲቱ ሳቁ። ብቻቸውን መች አደሩ አሉ። እሳታቸው ከሩቅ ይታያል፤ ከመንገድ በየት በኩል እንደወጡ ዱካው ይናገራል፤ ሌባ እንዳይደርስባቸው ልጆች ፍየል እየጠበቁ በዚያው ያድራሉ፤ በማለዳ ሲሄዱ ማንም እንዳየ አያውቁም።

ስለ 1997ቱ ሐምሌ ባለቤቴ አልጠየቀችም፤ እርሳቸውም አላነሡም። ሲነሡ ግን እጃቸውን ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ዘርግተው የሁለት ሕፃናት ስም ጠሩ፤ ከዚያም ደኅና እደሩ ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ማርሳቢት ወጣን። ተራራው በጉም ተሸፍኖ ነበር። የኦሳ ጆንሰን የጎመን መደብ የነበረበትን አላገኘሁም፤ ሐይቁን ግን ከላይ ሆነን አየነው፤ ጎሾች ውሃ ዳር ቆመው ነበር። በመኪናው ውስጥ ባለቤቴ ያንን ቀለም የፈሰሰበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ወደ አርባ ሰባት ዓመት ያህል አስቀምጣው ኖራለች፤ እኔ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው ብዬ ነበር። ከዱብሉቅ ጀምራ በነጥቦቼ መካከል የውሃዎቹን ስም በእርሳስ ጻፈች፤ ዱብሉቅ፣ ከወሰኑ ወዲያ ደግሞ ባልቴቲቱ የነገሯትን ጨምሮ ሌሎች አሥር። አንዳንዶቹን አስፋልቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ርቆ ያልፋቸዋል፤ የሚያመለክት ምልክት ግን አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው አጭር ነው። በ2013 ዓ.ም. በሞያሌ የአንድ መስኮት የድንበር መቆጣጠሪያው በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመረቀ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተቀሰቀሰና በካርቱም የሚያልፈው የካይሮ መንገድ ተቆረጠ። ኮርት ትሪቶች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሻገሩትን አገር ዛሬ ጥንዶች በመኪና የሚሻገሩበት ዘመን አይደለም፤ መሬቱ ግን ያው ነው፤ በዋዲ ሃልፋ በኩል ጥሩ አስፋልትም አለ። የለገሃር አካባቢም ተለውጧል፤ ላንድሮቨሮቹ ይቆሙበት በነበረው ጓሮ ዛሬ ሌላ ነገር ቆሟል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲፈርስ እኛም ከሌሎች ጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ገላን ጉራ ተዛወርን። ዕቃ ስናስር ከጠፉት ነገሮች መካከል የእኔ የምህንድስና መጻሕፍት ያሉበት ሣጥን ይገኝበታል። ካርታው ግን ከባለቤቴ ቦርሳ ስላልወጣ ደርሷል፤ አሁን በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የደቡቡን መንገዶች ካርታ እንደገና የሚያዘጋጅ ባልደረባ ካለና የጉድጓዶቹን ስሞች ለመገልበጥ ቢፈልግ ቤታችን ክፍት ነው። ስሞቹን የምታስረዳው እርሷ ናት። ጠዋት ቢመጣ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ከልጅ ልጆቻችን ጋር ትሆናለችና።